አንዷ ባሕር ዳር፣ ሌላዋ ሜሪላንድ፦ ለተራራቀ ቡድን የሥራ መሣሪያ አመራረጥ

የጋራ ሥራ የተረከበ አስተባባሪ መጀመሪያ የሚያደርገው ነገር የታወቀ ነው፤ የቴሌግራም ግሩፕ ይከፍታል። በመጀመሪያው ሳምንት ግሩፑ በምርቃትና በስቲከር ይሞላል። በወሩ “ያ ፋይል መቼ ነበር የተላከው?” የሚለው ጥያቄ ይበዛል። ቀጥሎ ከአባላቱ አንዱ ውጭ አገር መሥሪያ ቤቱ የለመደውን ሶፍትዌር እንጠቀም ይላል፤ ሁሉም ይስማማል፤ ከሁለት ሰው በቀር ግን የሚገባበት አይገኝም። ሥራው ተመልሶ ወደ ቴሌግራም ይመጣል፤ ግማሹ መረጃ ግን ማንም በማይከፍተው ቦታ ቀርቷል።

ጥፋቱ የአፑ አይደለም። መሣሪያው የተመረጠው ሥራውም ሠራተኛውም በቅጡ ሳይታወቁ ነው። ለማሳያ አንድ ሥራ ይዘን እንሂድ። አንድ ቡድን የሕፃናት ሥዕላዊ መጽሐፍ በአማርኛ ሊያሳትም ተነሥቷል እንበል። ደራሲው አዲስ አበባ የሚኖሩ ጡረተኛ መምህር ናቸው፤ ሁሉም “ጋሼ” ይላቸዋል። ሠዓሊዋ ባሕር ዳር ናት። አርታኢዋ ሜሪላንድ፣ የገጽ ቅንብሩን የሚሠራው ልጅ ቴል አቪቭ፣ ገንዘብ ያዧ ዱባይ ይኖራሉ። ስድስተኛው እርስዎ ነዎት፤ አስተባባሪው።

1. መጀመሪያ ስልክ ይደውሉ

አንድም አፕ ከማውረድዎ በፊት ለእያንዳንዱ አባል ይደውሉ። የጽሑፍ መጠይቅ አይላኩ፤ በጽሑፍ የተጠየቀ ሰው ሁሉ “ኔትወርክ አለኝ” ብሎ ይመልሳል። በስልክ ግን ድምፁ ሲቆራረጥ ራስዎ ይሰሙታል። የሚጠይቁት ቀላል ነው። የሚሠሩት በስልክ ነው ወይስ በላፕቶፕ? ስልኩ ላይ አዲስ አፕ የሚጭኑበት ቦታ አለ? ዋይፋይ ነው ወይስ የሞባይል ዳታ? ፓኬጅ የሚገዙት በቀን፣ በሳምንት ወይስ በወር? መብራት ሲጠፋ ምን ያደርጋሉ? ለዚህ ሥራ ጊዜ የሚያገኙት በየትኛው ቀንና ሰዓት ነው?

መልሱን ወረቀት ላይ ያስፍሩና ሁኔታው ከሁሉም የከፋበትን ሰው ስም ያስምሩበት። መሣሪያውን የሚመርጠው ያ ሰው ነው። በእኔ እምነት ከዚህ በኋላ የሚመጣው ምክር ሁሉ ከዚህ አንድ ነጥብ የሚወጣ ነው። የሜሪላንዷ አርታኢ ማንኛውንም ሶፍትዌር ትከፍታለች፤ ለእሷ ቀላልና ከባድ የሚባል ነገር የለም። የባሕር ዳሯ ሠዓሊ ግን በሞባይል ዳታ የምትሠራ ከሆነ እያንዳንዱ ምርጫዎ ከኪሷ ይወጣል። ሒሳቡን ልብ ይበሉ፦ በሴኮንድ 1 ሜጋቢት የሚወስድ የቪዲዮ ስብሰባ በሰዓት 450 ሜጋባይት ያህል ዳታ ይበላል። በሴኮንድ 80 ኪሎቢት የሚበቃው የድምፅ ጥሪ በሰዓት 36 ሜጋባይት ብቻ ነው። ልዩነቱ ከአሥር እጥፍ በላይ ነው። “ካሜራችሁን ክፈቱ” ከማለትዎ በፊት ይህን ያስቡ።

2. አንድ ነገር በአንድ ቦታ

ማንኛውም የቡድን ሥራ ሦስት ቦታዎች ይፈልጋል። አንዱ መነጋገሪያ ነው፤ ሁለተኛው ማን ምን እስከ መቼ እንደሚሠራ የሚጻፍበት ነው፤ ሦስተኛው ሰነዱ የሚቀመጥበት ነው። ለእያንዳንዱ አንድ፣ አንድ ብቻ መሣሪያ ይሰይሙ።

ሰዎች የሚሰናከሉት በሁለተኛው ላይ ነው። ስድስት ሰዎች ጥንድ ጥንድ ሆነው ቢነጋገሩ 15 የንግግር መስመሮች ይፈጠራሉ፤ ቡድኑ አሥራ ሁለት ሲደርስ 66 ይሆናሉ። አንዱ ለአንዱ በውስጥ መስመር የነገረውን ሌላው አያውቅም። ዕቁብ ያለ ምንም ሶፍትዌር ሲሠራ የኖረው አንድ ጸሐፊና አንድ መዝገብ ስላለው ነው፤ መዝገቡ ላይ ያልሰፈረ ክፍያ እንዳልተከፈለ ይቆጠራል። እርስዎም ይህን ደንብ አውጥተው ግሩፑ አናት ላይ ይለጥፉት፦ የሥራ ሰሌዳው ላይ ያልተጻፈ ነገር አልተወሰነም።

3. መነጋገሪያው

ለአብዛኛው ኢትዮጵያዊ ቡድን መልሱ ቴሌግራም ነው፤ ይህን በማለቴ አላፍርም። ሰዉ ለምዶታል፤ በደካማ ኔትወርክ ይሠራል፤ እስከ 2 ጊጋባይት የሚመዝን ፋይል በነፃ ያስተላልፋል፤ አዲስ የገባ አባል የቀድሞውን ንግግር እንዲያይ መፍቀድ ይቻላል። ግሩፑን በርዕስ የመከፋፈል አማራጭም አለው። ይክፈቱት፤ “ሥዕል”፣ “ጽሑፍ”፣ “ገንዘብ” እና “ጨዋታ” የሚሉ አራት ርዕሶች ይበቃሉ። “ጨዋታ” የሚለውን አይናቁት። የበዓል ምኞትና ቀልድ የራሱ ቦታ ካላገኘ ሥራው መሐል ይገባል፤ እንዳይገባ ብለው ቢከለክሉ ደግሞ ሰው ይቀየማል።

ሁለት ጉድለቶቹን ግን ይወቁ። የቴሌግራም ተራ ግሩፕ ንግግር ከጫፍ እስከ ጫፍ የተመሰጠረ አይደለም፤ ምስጢራዊው የንግግር ዓይነት ለሁለት ሰዎች ብቻ የሚሠራ ነው። የባንክ ሒሳብ፣ የመታወቂያ ቅጂ ወይም የሕፃናት ፎቶ የሚላክ ከሆነ ሲግናል ወይም ዋትሳፕ ይሻላል። ሁለተኛው የአገር ጉዳይ ነው። ዱባይ ያለችው ገንዘብ ያዥ በቴሌግራም ወይም በዋትሳፕ ደውሉልኝ ብትልም ጥሪው አይገባ ይሆናል፤ የተባበሩት አረብ ኤምሬቶች የኢንተርኔት ጥሪን ፈቃድ ለተሰጣቸው አገልግሎቶች ብቻ ሲተዉ ኖረዋል። ለእሷ ዙም ወይም ማይክሮሶፍት ቲምስ ይቀላል።

ስላክን የሚመርጡ አሉ፤ ለትልልቅ የቴክኖሎጂ ቡድኖች ጥሩ ነው። ነፃው ስላክ ግን የሚያሳየው የመጨረሻዎቹን 90 ቀናት ንግግር ብቻ ነው። ስምንት ወር ለሚፈጅ መጽሐፍ ይህ ማለት በመስከረም የተስማሙበትን ነገር በጥር ሊያገኙት አይችሉም ማለት ነው።

ለስብሰባ ነፃው ዙም ለ40 ደቂቃ፣ ነፃው ጉግል ሚት ሦስትና ከዚያ በላይ ሰው ሲሆን ለ60 ደቂቃ ይፈቅዳል። የ40 ደቂቃው ገደብ እንደ ጉዳት ሲነገር እሰማለሁ፤ እኔ ግን ውለታ ነው እላለሁ። ሰላምታው አሥር ደቂቃ ይወስዳል፤ ለሥራው ግማሽ ሰዓት ከበቂ በላይ ነው። ስብሰባው ባለቀ በማግስቱ አጭር ቃለ ጉባኤ ይውጣ፦ ምን ተወሰነ፣ ማን ያደርገዋል፣ እስከ መቼ፣ ምን ሳይወሰን ቀረ። ከአራት መስመር ከበለጠ የሚያነበው የለም።

4. የሥራ ሰሌዳው

እዚህ ላይ ገበያው ያደናግራል፤ ትሬሎ፣ አሳና፣ ክሊክአፕ፣ ኖሽን፣ ጂራ እየተባለ ይቀጥላል። ማስታወቂያቸውን ከማንበብ ይልቅ ሥራዎ ምን ዓይነት እንደሆነ ይጠይቁ።

የሥራው ዝርዝር ከአርባ መስመር የማይበልጥ ከሆነ የጉግል ሺትስ ሠንጠረዥ ይበቃል። ዓምዶቹ አምስት ናቸው፦ ሥራው፣ የሚሠራው ሰው፣ የሚያልቅበት ቀን፣ ያለበት ደረጃ፣ ማስታወሻ። ሠንጠረዥን የማያውቅ የቢሮ ሰው የለም፤ ሥልጠና አይጠይቅም። ብዙ ቡድኖች ከዚህ አልፈው መሄዳቸው በከንቱ ነው ባይ ነኝ።

ሥራው እየተደጋገመ በተመሳሳይ ደረጃዎች የሚያልፍ ከሆነ ግን እንደ ትሬሎ ያለ የካርድ ሰሌዳ ይመቻል። በእኛ መጽሐፍ እያንዳንዱ ሥዕል ከንድፍ ወደ ቀለም፣ ከቀለም ወደ እርማት፣ ከእርማት ወደ ገጽ ቅንብር ይሄዳል። ለእያንዳንዱ ሥዕል አንድ ካርድ ይኖራል፤ ካርዱ ከዓምድ ወደ ዓምድ ይገፋል። ዘዴው ከጃፓኑ ቶዮታ የመኪና ፋብሪካ የተወረሰ ነው፤ እዚያ ካርዱ የሚንቀሳቀሰው ከዕቃው ጋር ነበር። ብዙዎች “የሚሠራ”፣ “እየተሠራ ያለ” እና “ያለቀ” በሚሉ ሦስት ዓምዶች ይጀምራሉ። እርስዎ አራተኛ ይጨምሩ፦ “መልስ የሚጠበቅበት”። በእኛ አገር ሥራ ብዙ ጊዜ የሚቆመው ሠራተኛ ጠፍቶ አይደለም፤ ፊርማ፣ ማኅተም፣ የዋጋ ማቅረቢያ ወይም የአንድ ሰው “እሺ” እየተጠበቀ ነው። ይህ ዓምድ ሲሞላ ችግሩ ያለው ሠዓሊዋ ጋ አለመሆኑን ሁሉም በዓይኑ ያያል። ይሉኝታ ይዞት “ጋሼ ገና አላነበቡትም” ለማለት ያልደፈረውን ሰው ሰሌዳው ይገላግለዋል።

እያንዳንዱ ካርድ ላይ የአንድ ሰው ስም ብቻ ይጻፍ። “ኮሚቴው” ወይም “ሁላችንም” የሚል ስም የሠፈረበት ካርድ ባለበት ይቀራል።

እያንዳንዱ ሥራ ከመቼ እስከ መቼ እንደሚቆይ በአግድም መስመር የሚያሳየው ጋንት ቻርት የሚያስፈልገው አንዱ ሥራ ሳያልቅ ሌላው መጀመር በማይችልበት ጊዜ ነው። መጽሐፉ ለመስከረም 1 ገበያ ላይ መዋል ካለበት ከዚያ ቀን ወደ ኋላ ይቁጠሩ፦ ሥርጭት፣ ኅትመት፣ የመጨረሻ እርማት፣ ቅንብር፣ ሥዕል። ነሐሴ ዝናብ መሆኑን አይርሱ። ጋንትፕሮጀክት የሚባለው ነፃ ሶፍትዌር ኮምፒውተር ላይ ተጭኖ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፤ ዕቅዱን አንድ ጊዜ ሠርተው በፒዲኤፍ ያሰራጩት። በየቀኑ የሚሠራበት ግን ሰሌዳው ነው፤ ያማረ ጋንት ቻርት ለረጂ ድርጅት ተልኮ ከዚያ በኋላ ማንም ሳይከፍተው የሚቀርበት ፕሮጀክት ብዙ ነው።

5. ሰነዱና ፊደሉ

የጉግል ድራይቭ ነፃ ቦታ 15 ጊጋባይት ነው፤ ጂሜይልና ፎቶም ከዚያው ላይ ይቀነሳሉ። ለጽሑፍ ሰፊ ነው፤ ለኅትመት ጥራት ለተሳሉ ሥዕሎች ግን ቶሎ ይሞላል። ስለዚህ ሠዓሊዋ ለውይይት ትንሹን ምስል ትላክ፤ ትልቁ ፋይል አንድ ጊዜ ብቻ፣ ሥዕሉ ሲጸድቅ ይጫን።

አሁን ስለ ሶፍትዌር በሌላ ቋንቋ የተጻፉ መመሪያዎች የማያነሡት ጉዳይ ይመጣል። በአማርኛ የሚሠራ ቡድን ፊደል ላይ መስማማት አለበት። አንዷ “ሥዕል” ስትጽፍ ሌላው “ስዕል”፣ ሦስተኛው “ሥእል”፣ አራተኛው “ስእል” ይላል። አንባቢ አራቱንም እኩል ይረዳቸዋል፤ የፍለጋ ሳጥኑ ግን ፊደሎቹን እንደተለያዩ ይቆጥራቸዋል። “ሥዕል” ብለው ሲፈልጉ “ስዕል” ተብሎ የተጻፈው አይወጣም፤ እርስዎም ፋይሉ ጠፍቷል ብለው ሌላ ያስጀምራሉ። መፍትሔው የአማርኛ መምህር መሆን አይደለም፤ በሥራው ውስጥ የሚመላለሱትን አሥር ወይም አሥራ አምስት ቃላት አጻጻፍ በአንድ ገጽ ዘርዝሮ መለጠፍ ነው።

ጽሑፉ በምን እንደተተየበም ይጠይቁ። የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ ከተካተተ ከእ.ኤ.አ. 1999 ወዲህ ብዙ ዓመት አልፏል፤ ሆኖም በፓወር ግዕዝና በቪዥዋል ግዕዝ የቆዩ ፎንቶች የተጻፉ ሰነዶች ዛሬም ይዞራሉ። ቴል አቪቭ ያለው ልጅ ፋይሉን ሲከፍት ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደል ክምር ያያል። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ሁሉም በዩኒኮድ ይጻፍ፤ ስልክ ላይ የጉግል ኪቦርድ አማርኛ አለው። ማተሚያ ቤቱ ምን እንደሚቀበል ደግሞ አስቀድመው ይጠይቁት።

የፋይል ስም አጭር ይሁን፤ ቁጥር ይኑረው፤ “የመጨረሻ” የሚል ቃል አይግባበት። “የመጨረሻ” ከተባለው በኋላ “የመጨረሻ የመጨረሻ” መምጣቱ አይቀርም።

6. ሰዓቱና ቀኑ

“ስብሰባው ሐሙስ 3 ሰዓት ነው” የሚል መልእክት ለባሕር ዳሯ ሠዓሊ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ነው። ለሜሪላንዷ አርታኢ ደግሞ ከሰዓት በኋላ ሊሆን ይችላል፤ ያውም የየትኛው ከተማ ከሰዓት በኋላ እንደሆነ አልተነገራትም። ስለዚህ ሰዓት ሲጻፍ ከተማው አብሮ ይጻፍ፦ “ሐሙስ፤ አዲስ አበባ ከቀኑ 11 ሰዓት፤ ሜሪላንድ በፈረንጅ ሰዓት ከጠዋቱ 9።” ይህ በፈረንጆች ክረምት ትክክል ነው፤ ያኔ ልዩነቱ ስምንት ሰዓት ነው። አሜሪካኖች በማርች ሁለተኛ እሑድ ሰዓታቸውን ወደፊት ሲገፉ ልዩነቱ ወደ ሰባት ይወርዳል፤ በኖቬምበር የመጀመሪያ እሑድ ወደ ስምንት ይመለሳል። ኢትዮጵያ ሰዓቷን አትቀይርም። አውሮፓውያን የሚቀይሩት በማርች የመጨረሻ እሑድ ስለሆነ በመሐል ሁለት ወይም ሦስት ሳምንት ሁሉም የተዛባ ነው። ስብሰባውን በጉግል ካላንደር የያዘው ሰው አሜሪካ ካለ ቀጠሮው የአሜሪካን ሰዓት ተከትሎ ይንቀሳቀሳል፤ አዲስ አበባ ያሉት ሳያውቁት በአንድ ሰዓት ይለወጥባቸዋል። ስለዚህ ቀጠሮውን ያስያዘው ሰዓቱ በአዲስ አበባ የተስተካከለ ካላንደር ይሁን። የማይነቃነቀው እሱ ነውና።

ቀኑ ደግሞ ከሰዓቱ የባሰ ነው። 05/01/2018 ብለው ቢጽፉ ኢትዮጵያ ያለው መስከረም 5 ቀን 2018 ዓ.ም. ይለዋል። አሜሪካ ያለችው ሜይ 1 ብላ ታነባለች፤ አውሮፓ ያለው ጃንዋሪ 5። ሠንጠረዡ ራሱም የራሱን ግምት ወስዶ ሥራው ከዓመታት በፊት ያለፈበት ነው ብሎ በቀይ ሊያሳይ ይችላል። ጳጉሜንን እስከ ጭራሹ አያውቃትም፤ 13ኛ ወር ያስገባ ሰው “ትክክለኛ ቀን አይደለም” ይባላል። የእኔ ምክር፦ ሶፍትዌሩ የሚያነበው ዓምድ በአውሮፓ አቆጣጠር ይሁን፤ አጠገቡ ሰው የሚያነበው ዓምድ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የወሩን ስም በፊደል ጽፎ ይኑር። ሁለት ዓምድ መያዝ ይሰለቻል፤ ከማተሚያ ቤት ቀጠሮ ማምለጥ ግን የበለጠ ያስከፍላል።

ቀን ሲመርጡ የሁሉንም ሰንበት ያስታውሱ። እሑድ በቴል አቪቭ የሥራ ቀን ነው፤ በአዲስ አበባ ጠዋቱ የቤተ ክርስቲያን ነው። ኤምሬቶች ከእ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 2022 ጀምሮ ቅዳሜና እሑድን ዕረፍት፣ ዓርብን ግማሽ ቀን አድርገዋል። ለበጎ ፈቃድ ሥራ ቅዳሜ ማታ በአዲስ አበባ 2 ሰዓት በበጋ ወራት ይመቻል፤ ሜሪላንድ ቀትር፣ ዱባይ ማታ ነው፤ በቴል አቪቭም ሰንበት ወጥቷል። በሰኔና በሐምሌ ግን እስራኤል ውስጥ ፀሐይ ዘግይታ ስለምትጠልቅ ወደ 3 ሰዓት ይግፉት።

7. ማን ይከፍላል፣ ቁልፉስ ማን ጋ ነው?

የእነዚህ አገልግሎቶች ዋጋ የሚታሰበው በሰው ነው፤ በወር። ለአንድ ሰው 10 ዶላር የሚያስከፍል መሣሪያ ለስድስት ሰው በዓመት 720 ዶላር ነው። ከመክፈልዎ በፊት ያንን ገንዘብ ለሠዓሊዋ የዳታ ፓኬጅና ለባትሪ ቢያውሉት ሥራው ይበልጥ ይፋጠን እንደሆነ ያስሉ፤ አብዛኛውን ጊዜ ይፈጥናል። አሜሪካ ውስጥ 501 ሲ 3 በሚባለው ሕግ የተመዘገበ የበጎ አድራጎት ማኅበር ካላችሁ ጉግል የድርጅት አገልግሎቱን በነፃ፣ ስላክ ደግሞ በቅናሽ ይሰጣሉ፤ ሰነዱን አዘጋጅቶ መጠየቅ ብቻ ነው።

ክፍያው ከኢትዮጵያ ውጭ ባለ አባል ካርድ ሲፈጸም አደጋው ሌላ ነው። አካውንቱ በገንዘብ ያዧ የግል ኢሜይል ተከፍቶ ከሆነ እሷ ስትታመም ወይም ስትቀየም ሥራው ሁሉ አብሯት ይዘጋል። ለፕሮጀክቱ ራሱን የቻለ ኢሜይል ይክፈቱ፤ ሁለት ሰዎች በተለያየ አገር ሆነው የአስተዳዳሪነት ሥልጣን ይኑራቸው። ሁለተኛ ማረጋገጫውን ከቴክስት መልእክት ይልቅ በማረጋገጫ አፕ ያድርጉት፤ ከውጭ የሚላክ የኮድ ቴክስት ኢትዮጵያ ስልክ ላይ ሲዘገይ ወይም ሲቀር ይታያል። የይለፍ ቃሉን ግሩፕ ላይ አይለጥፉ።

የሰዎችን የግል መረጃ የምትሰበስቡ ከሆነ የኢትዮጵያ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 መውጣቱን ይወቁ። መሣሪያው መረጃውን የት አገር እንደሚያስቀምጥ መጠየቅ ከእንግዲህ የቅንጦት ጥያቄ አይደለም።

8. ሁለት ሳምንት ይፈትኑት

የመረጡትን መሣሪያ ለሁሉም ከማዳረስዎ በፊት በአንድ እውነተኛ ሥራ፣ በሁለት ሰዎች ይሞክሩት። ከሁለቱ አንዱ በመጀመሪያው ደረጃ ስሙን ያሰመሩበት ሰው መሆን አለበት። በእኛ ምሳሌ ሠዓሊዋና አርታኢዋ አንድ ሥዕል ከንድፍ እስከ መጨረሻ ያድርሱ።

ፈተናው የሚካሄደው በርካሽ አንድሮይድ ስልክና በሞባይል ዳታ ነው፤ በቢሮ ዋይፋይ ሁሉም ሶፍትዌር ጥሩ ነው። ስልኩን አውሮፕላን ሞድ ላይ አድርገው አንድ ካርድ ይክፈቱ፤ ማስታወሻ ይጻፉበት፤ ኔትወርኩን መልሰው ሲከፍቱ ማስታወሻው ሄዷል? በአማርኛ ጽፈው ይፈልጉ፤ ይገኛል? ረጅም የአማርኛ ዓረፍተ ነገር ካርዱ ላይ ተቆርጦ ነው ወይስ ሙሉ ሆኖ የሚታየው? በቀን ስንት ማሳወቂያ ይመጣል? ከአሥር ካለፈ ሰዉ ይዘጋዋል፤ አንድ ጊዜ የተዘጋ ማሳወቂያ ደግሞ ተመልሶ አይከፈትም።

ከሁሉ በላይ የመውጫውን በር ይፈትሹ። የጻፋችሁትን ሁሉ በሠንጠረዥ ወይም በፒዲኤፍ አውጥቶ መውሰድ ይቻላል? ኩባንያ ቋሚ አይደለም። ዋንደርሊስት የተባለውን ተወዳጅ የሥራ ዝርዝር አፕ ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2015 ገዝቶ በ2020 ዘጋው። ዲያስፖራውን ከቤተሰቡ ጋር ለዓመታት ያገናኘው ስካይፕ እንኳ በሜይ 2025 ተዘግቷል። ነፃ የሚባለው ድርሻም በየጊዜው ይጠባል፤ እዚህ የጠቀስኳቸውን ገደቦች ሳይቀር ከመጀመርዎ በፊት የኩባንያዎቹ የዋጋ ገጽ ላይ ያረጋግጡ። ማውጣት የማይፈቅድ መሣሪያ ምንም ያህል ቢያምር ይተውት።

9. ጋሼን አፕ አያስጭኗቸው

ደራሲው በእጅ ይጽፋሉ፤ ስልካቸውን የሚጠቀሙት ለመደወል ነው። ወጣቶቹ “እናስተምራቸው” ይላሉ። ጋሼም አያሳፍሯቸውም፤ “እሺ ልጆቼ” ብለው አፑን ያስጭኑና ዳግም አይከፍቱትም። ያኔ ሰሌዳው “መልስ የሚጠበቅበት” ላይ ይቆማል፤ ደፍሮ የሚነግራቸውም አይኖርም።

የተሻለው መንገድ አንድ ሰው ለእሳቸው መመደብ ነው። በየሳምንቱ በተወሰነ ሰዓት ይደውላል፤ ያለውን ጉዳይ አንድ በአንድ ያነብላቸዋል፤ የሰጡትን ውሳኔ እዚያው እያሉ ሰሌዳው ላይ በስማቸው ያስገባል፤ መልሶም ያነብላቸዋል። ለእርማት ገጹ በትልቅ ፊደል ታትሞ ቤታቸው ይድረስ፤ ያረሙትን ያው ሰው ፎቶ አንሥቶ ይጫነው። ሰሌዳው ሙሉ ይሆናል፤ ሽማግሌውም አይጉላሉም።

10. ኢንተርኔት የሚጠፋበት ቀን

ይህን ደረጃ ውጭ ያሉ አባላት እንደ ሟርት ያዩታል፤ አገር ቤት ያሉት ግን ያውቁታል። በሰኔ 2012 ዓ.ም. መጨረሻ የመላው አገሪቱ ኢንተርኔት ተቋርጦ ከሁለት ሳምንት በላይ ቆይቷል። በ2015 ዓ.ም. ከየካቲት ጀምሮ ቴሌግራምን ጨምሮ ማኅበራዊ መገናኛዎች ለወራት ተገድበዋል። በዚያው ዓመት ሐምሌ መጨረሻ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለብዙ ወራት ዘልቋል፤ የእኛ ሠዓሊ የምትኖረው እዚያው ነው።

ስለዚህ ሦስት ነገር አስቀድሞ ይኑር። የሁሉም አባላት መደበኛ ስልክ ቁጥር በወረቀት ተጽፎ በየቤቱ ይቀመጥ። እያንዳንዱ ሰው የሚቀጥሉትን ሁለት ሳምንታት ሥራ ያለ ኢንተርኔት መሥራት እንዲችል ፋይሎቹን ስልኩ ወይም ላፕቶፑ ላይ አውርዶ ይያዝ፤ ጉግል ሺትስም ያለ ኔትወርክ እንዲከፈት አስቀድሞ ምልክት ሊደረግበት ይችላል። በመጨረሻም ማን ለማን እንደሚደውል ይወሰን፤ ሠዓሊዋ ለእርስዎ፣ እርስዎ ለሜሪላንድ። ትልልቆቹን ሥዕሎች በሚታመን መንገደኛ እጅ በፍላሽ መላክ ዛሬም ነውር የለውም።

11. ሲያልቅ

መጽሐፉ ታትሞ ሲወጣ ሥራው ያለቀ ይመስላል፤ ግን አላለቀም። ሰነዱን ሁሉ አውጥተው በሁለት ሃርድ ዲስክ ያስቀምጡ፤ አንዱ አዲስ አበባ፣ አንዱ ውጭ። የሥዕሎቹን ዋና ፋይል ለሠዓሊዋ ይመልሱላት፤ የእሷ ናቸውና። ከቡድኑ የወጣን ሰው ሥልጣን ከአካውንቱ ላይ ያንሡ። ከዚያ ክፍያ የሚጠይቁ አገልግሎቶችን ዘርዝረው የሚያቋርጣቸውን ሰው ስምና ቀን ይጻፉ፤ ሥራው ቢያልቅም ከገንዘብ ያዧ ካርድ በየወሩ የሚቆረጠው ክፍያ በራሱ አይቆምም።